ሼርድ ድራይቭን አንድ ዓመት አስተዳደርኩት፦ ዕቃው ጥሩ ነው፣ ጣጣው ቁልፉ ነው

አምና መስከረም የዲፓርትመንት ስብሰባ ላይ አርፍጄ ገባሁና ኃላፊ ሆኜ መመረጤ ጠበቀኝ። የምን ኃላፊ? የሼርድ ድራይቩ፣ የዲፓርትመንቱ ፋይል በኢንተርኔት በጋራ የሚቀመጥበት የጉግል ማከማቻ። "አንተ ኮምፒውተር ትወዳለህ" ተባልኩ፣ ተጨበጨበ፣ አለቀ። ስለዚህ የጉግል ሼርድ ድራይቭ ለዩኒቨርሲቲ ሥራ ይሆናል ወይ ለምትሉ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሰው ሁሉ የሚደናገርበትን ላንሳ። በተራው ድራይቭ ላይ የጫናችሁት ፋይል የእናንተ ነው። ለሃምሳ ሰው ብታጋሩትም ባለቤቱ እናንተ ናችሁ፤ ፋይሉን ለሌላ ሳታስተላልፉ አካውንታችሁ ከተሰረዘ አብሮ ይሄዳል። ሼርድ ድራይቭ ላይ ግን ባለቤቱ ተቋሙ ነው። ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል፣ ፋይሉ እዚያው ይቀመጣል። በግል ጂሜይል አዲስ ሼርድ ድራይቭ ልትፈጥሩ አትችሉም፣ የተቋም አካውንት ይፈልጋል። እኛ ጋ ከዚህ በፊት የኮርስ አውትላይኑም፣ የላብ ማኑዋሉም፣ የድሮ ፈተናውም የሚገኘው አንድ መምህር የግል ድራይቭ ውስጥ ነበር። ሰውየው ለፒኤችዲ ውጭ ሄደ፣ አካውንቱ ተሰረዘ፣ እኛም ከቴሌግራም ግሩፕ ላይ "ፋይናል"፣ "ፋይናል 2"፣ "የመጨረሻ ፋይናል" የሚል ፋይል ስንለቅም ክረምቱ አለቀ። ለዚህ ብቻ እንኳ ዕቃው ይገባዋል እላለሁ።

አሁን ወደ ሥልጣኑ እንምጣ፣ እዚህ ጋ ነው ጉዱ ያለው። አምስት ደረጃ አለ። ማየት ብቻ፣ ኮሜንት መጻፍ፣ ከዚያ ኮንትሪቢውተር፣ ኮንቴንት ማናጀር፣ መጨረሻ ላይ ማናጀር። ኮንትሪቢውተር ፋይል ይጨምራል፣ ያርማል፣ ግን አያጠፋም፣ ከቦታውም አያንቀሳቅስም። ኮንቴንት ማናጀር ማንቀሳቀስም፣ ወደ ትራሽ (የተጣለ ፋይል ለጊዜው የሚቆይበት ቦታ) መጣልም ይችላል። ከትራሽ ጨርሶ ማጥፋትና ሰው ማስገባት ማስወጣት የማናጀሩ ነው። የተረከብኩት ድራይቭ ላይ 23 ሰው ነበረ። 23ቱም ማናጀር! ይሉኝታ ነው እንግዲህ፣ ዶክተሩን ማናጀር አይሁኑ ብሎ ማን ደፍሮ ዝቅ ያደርጋቸዋል? ዝቅ ሳደርጋቸው አንድ አንጋፋ መምህር ቢሮዬ ድረስ መጥተው "ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?" አሉኝ። ሻይ ጋበዝኳቸው። ማናጀር ማለት ማዕረግ ሳይሆን ቁልፍ መሆኑን፣ የፈተና ክፍሉን ቁልፍ ደግሞ ለ23 ሰው እንደማንሰጥ ስነግራቸው ሳቁና "እንኳን ወሰድክልኝ" ብለው ሄዱ። አሁን ሦስት ማናጀር ነን። አንድ ብቻ መሆንም አይገባም፤ አንዱ ቢታመም ወይ ስልኩ ቢጠፋ በሩ ላይ ተደርድረን ልንቀር ነው።

ማናጀር ሁሉም ሰው በነበረበት ጊዜ የሆነውን ልንገራችሁ። አንዱ ባልደረባችን ስልኩ ሞልቶበት ቦታ ላስለቅቅ ብሎ የሚድ ኤግዛም ፎልደሩን አጠፋው። ከራሱ ስልክ ላይ ብቻ የጠፋ መስሎት ነው፣ ክፋት የለበትም። ያወቅነው ከ26 ቀን በኋላ ነው። ትራሹ 30 ቀን ያቆይና በራሱ ይጸዳል፣ አራት ቀን ነበር የቀረን። ካለፈም የተቋሙ አድሚን በቀጣዮቹ 25 ቀናት ውስጥ ሊመልሰው ይችላል፣ ግን ለዚያ ደብዳቤ ተጽፎ፣ ማህተም ተመትቶ፣ ወደሚመለከተው ክፍል ተመርቶ... ገባችሁ አይደል። አሁን በየሳምንቱ አርብ ከሰዓት ትራሹን ከፍቼ አያለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ስም አወጣጡ ሌላ ፈተና ነው። "ሥርዓተ ትምህርት" የሚል ፎልደር አለ፣ ከሥሩ ደግሞ "ስርአተ ትምህርት" የሚል ሌላ አለ፣ ሁለቱም ውስጥ ግማሽ ግማሽ ፋይል። "2016" የሚለው ግን ከሁሉም ይብሳል። ግማሹ ሰው የእኛን 2016 ብሎ ያስገባል፣ ግማሹ ደግሞ የፈረንጁን፣ ያም በእኛ 2008 እና 2009 መሆኑ ነው። የጥራት ኦዲት ሰዎች ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ስለይ አመሸሁ። ከዚያ ወዲህ ዓመት የሚጽፍ ሰው "ዓ.ም." ወይም "እ.ኤ.አ." ካላለበት ፎልደሩን ስሙን እቀይርበታለሁ። ተቆጡኝ፣ ለመዱት።

ሌላው "ሊንኩ ያለው ሁሉ" ፋይሉን እንዲከፍት የሚፈቅደው ምርጫ ነው። የተማሪ ውጤት ያለበትን ሺት እንዲህ ከፍቶ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ የተለመደ ነገር ነው፣ ስም ከነመታወቂያ ቁጥሩ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቶ እያለ ይህን ማድረግ ራስን ለጣጣ ማጋለጥ ነው። እኔ ከአባላት ውጭ ማጋራትን ከሴቲንጉ ዘጋሁት። ለአንድ ሳምንት ስልኬ አላረፈም።

ስለ ቦታው ብዙ የምለው የለኝም። አንድ ሼርድ ድራይቭ 500,000 ፋይልና ፎልደር ይይዛል፣ ለአንድ ዲፓርትመንት ከበቂ በላይ ነው። ድሮ ለትምህርት ተቋማት ገደብ አልነበረውም፤ ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን በነፃው ዓይነት ለመላው ዩኒቨርሲቲ በጋራ 100 ቴራባይት ነው። ስለዚህ የሠርግ ቪዲዮ እዚያ የምትጭኑ፣ አለቃዬ ቢሆኑም፣ እባካችሁ። ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ በክሮም ላይ ኦፍላይኑን ቀድማችሁ ካበራችሁ ዶክስና ሺት ላይ መሥራት ትችላላችሁ፤ ፒዲኤፍ ብቻ ያለው ሰው ግን ፍላሹን አይጣል።

ለዕቃው ከ5 ላይ 4 እሰጠዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ማናጀር ሲያደርጓችሁ ምን እንደተረከባችሁ የሚነግራችሁ ስለሌለ ነው። ሰው ዩኒቨርሲቲያችንን ሲለቅ ክሊራንስ ይዞ ላይብረሪ ያስፈርማል፣ ንብረት ክፍል ያስፈርማል፣ የመለሰው ወንበር ተቆጥሮ ይጻፋል። የድራይቭ ቁልፉን ግን የሚጠይቀው የለም። ከለቀቁ ሁለት ዓመት የሆናቸው አራት ሰዎች ማናጀር ሆነው አግኝቻለሁ። ባለፈው ሰኔ ፎርሙ ላይ "ሼርድ ድራይቭ" የምትል አንዲት መስመር ትጨመር ብዬ ጠየቅሁ። ተፈቀደ። ፎርሙን የሚያትሙት እትዬ "ፊርማው የማን ይሁን?" አሉኝ። ለጊዜው የእኔ ነው።