በደብረ ማርቆስ የተከታተልኩት የሱስ ማገገሚያ አጋዦች ሥልጠና

አስቀድሜ አንድ ነገር መግለጽ ይገባኛል። ይህን ግምገማ የምጽፈው ሥልጠናውን ጨርሼ በዚያው ማዕከል ተቀጥሬ ደመወዝ የምቀበል ሰው ሆኜ ስለሆነ፣ አንባቢ ምስጋናዬን በጥርጣሬ ወቀሳዬን በጥሞና ቢያየው አይከፋኝም። የማዕከሉን ስም የማልጠቅሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቦታው በደብረ ማርቆስ ከተማ ዳር የሚገኝ፣ ከአልኮልና ከጫት ሱስ ለመላቀቅ የሚፈልጉ ሰዎች የሚገቡበት አነስተኛ ቤት ሲሆን፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ራሳቸው ከሱስ የወጡ ሰዎችን ተቀብሎ ለ10 ሳምንታት ያሠለጥናል፤ ከመካከላቸውም ጥቂቶቹን በአጋዥነት ይቀጥራል።

ለሥልጠናው ስመዘገብ መምህርነቴን በአረቄ ምክንያት ካጣሁ አራተኛ ዓመቴ ነበር። ደምበጫ ላይ ያሳደገችኝ እናቴ አረቄ እያወጣች ነው፤ የደብተሬም የዩኒፎርሜም ገንዘብ ከዳጉሳው ድፍድፍ የተገኘ ነበር። ዛሬ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል፤ እኔ ግን የ12 ዓመት ልጅ ሳለሁ ለእናቴ ደንበኞች መለኪያ እሞላ ነበር። ይህን የማነሣው እርሷን ለመውቀስ አይደለም፤ ባሏ የሞተባትና መሬት የሌላት ሴት ልጆቿን የምታሳድግበት ሌላ መንገድ ብዙ አልነበረም። የማነሣው እንዲህ ያለ ሕይወት ያሳለፈ ሰው ለዚህ ሥራ ከእኔ በላይ ማን አለ ብሎ እንደሚመጣ ለማሳየት ነው። እኔም ያን እያሰብኩ ነበር የመጣሁት። የቅበላ ቃለ መጠይቁን ያደረጉልኝ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ታሪኬን በጥሞና ካዳመጡ በኋላ፣ «ይህን ለስንት ሰው ነግረኸዋል?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ለብዙ ሰው፣ ሲስተር» አልኳቸው፤ በኩራት። «እዚህ እንግዲህ ብዙ አትናገረውም» አሉኝ። ነገሩ የገባኝ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ትምህርት ከጠበቅሁት በላይ ጠንካራ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን፣ በምህጻሩ «ኦዲት» የሚባለውን የአልኮል አጠጣጥ መጠይቅ ተማርን፤ 10 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን ድምሩ እስከ 40 ይደርሳል፣ 8 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው አጠጣጡ ለጉዳት እንደሚያጋልጠው ይታሰባል። ችግሩ መጠይቁ የሚቆጥረው በ«አንድ መጠጥ» መሆኑና ይህም 10 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ማለት መሆኑ ነው፤ በእኛ አረቄ ቤት ደግሞ ግራም የሚባል ነገር የለም። አሠልጣኛችን ከገበያ የገዟቸውን መለኪያዎች አምጥተው በመርፌ መርጫ ውኃ እየሞሉ አስለኩን። እኔ የያዝኩት መለኪያ 45 ሚሊ ሊትር ያዘ። ዳግም አረቄ 45 በመቶ አካባቢ አልኮል ስላለው ሒሳቡን ሠራነው፤ አንዷ መለኪያ 16 ግራም ያህል ሆነች። ሐኪም በጠየቀኝ ቁጥር «አራት መለኪያ ብቻ» እያልኩ ስመልስ የኖርኩት፣ ለካስ ከስድስት መጠጥ በላይ ነበር! ሰው ሳይዋሽ እንዴት እንደሚዋሽ ያየሁት በዚያች ውኃ ነው። ከሁሉም ትምህርት ይልቅ በሥራዬ ላይ በየቀኑ የሚጠቅመኝም ይኸው ነው፤ አሁን አንድ ገበሬ «ትንሽ ነው የምጠጣ» ሲለኝ መለኪያውን በእጁ እንዲያሳየኝ እጠይቀዋለሁ።

ሦስተኛው ሳምንት መጠጥ በድንገት ሲቆም በሰውነት ላይ ስለሚደርሰው ነገር ነበር፤ እዚህ ላይ ራሴን አገኘሁት። ለብዙ ዓመታት በየቀኑ በብዛት የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል፤ ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ ላብ፣ ትኩሳት፣ መቃዠትና የሌለውን ነገር ማየት ሊመጣ ይችላል፤ ሳይታከም ከቀረም ሊገድል ይችላል። ሕክምናው በጤና ባለሙያ ክትትል የሚሰጥ ዳያዜፓምና ቫይታሚን ቢ1 ሲሆን፣ ቢ1 ከግሉኮስ መቅደም እንዳለበትም ተነግሮናል፤ አጋዡ ግን መድኃኒት አይነካም፣ የእርሱ ድርሻ ምልክቱን ዐውቆ ሰውየውን በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው። እኔ መጠጥ ያቆምኩት ጠበል ገብቼ ነው። በሦስተኛው ቀን ግድግዳው በጉንዳን ተሞልቶ አየሁ፤ አጠገቤ የነበሩት ሁሉ ጋኔኑ ሊወጣ ነው ብለው ያዙኝ። በሕይወት መትረፌን የእግዚአብሔር ቸርነት እንደሆነ ዛሬም አምናለሁ፤ ነገር ግን ያ ቀን ስም ያለው ሕመም እንደነበረ ማወቄ ከብዙ ሐፍረት አሳርፎኛል።

ማዕከሉን ከማመሰግንበት ነገር ዋነኛው ይህን ጉዳይ የያዘበት አግባብ ነው። ግሽ ዓባይ ባለበት፣ በየደብሩ ጠበል በሚፈልቅበት በጎጃም ምድር ሰውን ከጠበልና ከሕክምና አንዱን ምረጥ ማለት አላዋቂነት ነው። ጠበል ቤት አረቄ የለም፤ ጾም፣ ጸሎት፣ ማልዶ መነሣትና አብሮ የሚተኛ ሰው አለ፤ ይህ ሁሉ ለሚያገግም ሰው ትልቅ ነገር ነው። የሚጎድለው የመጀመሪያው ሳምንት የሕክምና ክትትል ብቻ ነው። ስለዚህ በሥልጠናው የንስሐ አባቶችን ቀርበን እንድናነጋግርና ከባድ ጠጪ የሆነ ሰው መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ታይቶ ከዚያ ጠበል እንዲገባ እንድናግባባ ተለማምደናል። ያነጋገርኳቸው ቄስ ከእኔ ይልቅ ነገሩን ቶሎ ተረዱት።

ወደ ስድስተኛው ሳምንት ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1983 ዊልያም ሚለር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያስተዋወቀው የውይይት ስልት አለ፤ ፍሬ ነገሩ አማካሪው ከመምከር ተቆጥቦ፣ ሰውየው ለመለወጥ የሚፈልግበትን ምክንያት በራሱ አንደበት እንዲናገረው ማድረግ ነው። በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ምክር በሽማግሌ፣ በካህንና በመምህር አፍ በሚወርድበት አገር ላደገ፣ ያውም መምህር ለነበረ ሰው ግን እጅግ ከባድ ነው። በመጀመሪያው የተግባር ልምምዴ የተመደቡልኝ ከማቻከል የመጡ በዕድሜ የገፉ ገበሬ ነበሩ። ስለ ሚስታቸው መናገር ሲጀምሩ እኔ ስለ እኔ ፍቺ ቀጠልኩ፤ ስለ በሬአቸው መሸጥ ሲያነሡ እኔ ስለተሸጠው ቴሌቪዥኔ አወራሁ። የቀረብኳቸው እየመሰለኝ ነበር። በመጨረሻ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ «መምህር፣ ያንተን ጨረስህ? እንግዲህ የእኔን ስማኝ» አሉኝ። አሠልጣኟ ከኋላ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር፤ አንድ ቃል አልተናገሩም። ካለፈው መከራ ጋር መምጣት በሩን ያስከፍታል እንጂ ሥራውን አይሠራም፤ ሥራው የሚጀምረው የራስን ታሪክ መቼ እንደሚነግሩት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መቼ እንደሚውጡት ከተማሩ በኋላ ነው። አሁን ከአንድ ሰው ጋር አንድ ሰዓት ስቀመጥ ስለ ራሴ የምናገረው ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር ቢሆን ነው።

ስለ ሙያው ታሪክ የተሰጠው ትምህርት አጭር ነበር፤ ቢረዝም እወድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ አክረን በምትባል የኦሃዮ ግዛት ከተማ ሁለት ጠጪዎች ተገናኝተው የጀመሩት አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለው የጠጪዎች መረዳጃ ማኅበር ከሱስ የወጣ ሰው ሌላውን የሚያግዝበትን መንገድ ዓለም አቀፍ እንዳደረገው፣ የአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛትም እ.ኤ.አ. በ1999 የአቻ ድጋፍ ከመንግሥት የጤና ዋስትና ክፍያ እንዲያገኝ በማድረግ ቀዳሚ እንደነበረች ተነገረን። የማኅበሩ ደንብ አባላት ስማቸው ሳይገለጥ እንዲረዳዱ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ይህን ደንብ ማን እንደሚጠብቀው አላውቅም፤ እዚህ ሰው በርህ ላይ ሳይደርስ የማን ልጅ እንደሆንክ ተቆጥሮ አልቋል። ይልቅ የጠቀመን በማኅበርና በዝክር ላይ «ለበረከት ያህል ቅመስ» ሲባል ቅር ሳያሰኙ እምቢ ማለትን ደጋግመን መለማመዳችን ነው። እኔ አስቀድሜ ለደጋሿ ነግሬ ብርዝ እንድታዘጋጅልኝ ማድረግ ተሳክቶልኛል፤ ብርጭቆ በእጁ የያዘን ሰው ማንም አይጎተጉትም።

አሁን ጉድለቶቹን ልናገር። ስለ ጫት የተሰጠው ትምህርት አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር፤ ይህም በባሕር ዳር ዙሪያ ጫት በስፋት በሚመረትበት፣ ወጣቱም ቅሞ ሲያበቃ ምርቃናውን በጨብሲ፣ ማለትም በአልኮል፣ በሚያወርድበት አካባቢ ይቅር የማይባል ነው። ለጫት እንደ አልኮሉ የታወቀ መድኃኒት ስለሌለ የአጋዡ ድርሻ እዚያ ላይ ይበልጥ ይከብዳልና ቢያንስ አንድ ሙሉ ሳምንት ሊሰጠው ይገባ ነበር። ከ11 ሠልጣኞች ሴቶቹ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሴት ጠጪ ግን አለች፣ በተለይ አረቄ እያወጣች እየቀመሰች የምትኖር፤ እርሷ ለወንድ አጋዥ አትናገርም። መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታት ከቢቸና የመጣው ጓደኛችን ትምህርት ሲያልፈው ማካካሻ አልተሰጠውም። የሚሰጠውም የምስክር ወረቀት ከማዕከሉ ግቢ ውጭ የሚያስቀጥር አይደለም፤ ደመወዙ ከመምህርነት ደመወዜ ያንሳል፤ ይህን ሳያውቁ የሚመጡ ሰዎች በኋላ ያማርራሉ።

ከሁሉም የከፋው ግን አብሮኝ የሠለጠነና የተቀጠረ ወንድማችን ሲያገረሽበት የሆነው ነው። በትምህርቱ ላይ ማገርሸት የማገገም ጉዞ አካል ሊሆን እንደሚችል፣ ሰውየውም ሳይዋረድ ሊመለስ እንደሚገባው በተደጋጋሚ ተምረናል፤ እያንዳንዳችን ቢያገረሽብን ለማን እንደምንደውል በጽሑፍ አስቀምጠናል። እርሱ በጻፈው መሠረት ደወለ። የተሰጠው መልስ በስልክ የተነገረ ስንብት ነበር። ከታካሚዎች ጋር ለጊዜው እንዳይሠራ መደረጉ ትክክል ነው፤ የታካሚነቱ በር ግን መዘጋት አልነበረበትም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ ምሳሩን ግን ከዚህ ቤት አልጠበቅነውም ነበር። ነገሩን በስብሰባ አንሥቼዋለሁ፤ መመሪያ ይወጣለታል ተብሏል፣ እስካሁን አልወጣም።

ይህም ሆኖ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት ከሱስ ርቆ የቆየና ሥራውን እንደ ሙያ ለመያዝ የሚፈልግ ሰው ቢጠይቀኝ ተመዝገብ እለዋለሁ፤ ራሱ ገና ድጋፍ የሚያስፈልገውን ግን መጀመሪያ በታካሚነት እንዲመጣ እመክረዋለሁ። ሥልጠናው በነፃ ሲሆን ምሳና ማደሪያ በራስ ነው፤ የሚቀጥለው ዙር ምዝገባ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ይጀምራል። ለምዝገባ መታወቂያና አመልካቹ አንድ ዓመት ሙሉ አለመጠጣቱን የሚያረጋግጥ አንድ ምስክር ይጠየቃል። የእኔ ምስክር እናቴ ነበረች። አረቄ ማውጣቷን እስከ ዛሬ አልተወችም፤ ነርሷ «በምን ያውቃሉ?» ብለው ሲጠይቋት ነጠላዋን አስተካክላ፣ «ከእኔ ቤት አንዲት መለኪያ ብትጎድል እኔ አላውቅም?» አለቻቸው።