ለውስጠ ባዶ ባለ ሁለት ተካፋች ቁም ሣጥን የትኛው ቁልፍ ይሻላል?

በሕንፃ መሣሪያ መደብሮች የሚሸጡት የቁም ሣጥን ቁልፎች አብዛኞቹ የተሠሩት 16 ወይም 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ድፍን ቺፕውድ ወይም ኤምዲኤፍ ነው። በብዙ ቤቶች ያሉት ውስጠ ባዶ በሮች ግን ሌላ ዓይነት ሥራ ናቸው። ዙሪያቸውን ጠባብ የጣውላ ፍሬም ይዟቸዋል፤ ከፊትና ከኋላ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ለብሰዋል፤ መሐላቸው ደግሞ ወይ ባዶ ነው፣ ወይ እንደ ማር እንጀራ ዓይን ዓይን ሆኖ በተሠራ ካርቶን ተሞልቷል። እንዲህ ያለው በር ክብደቱ ለማጠፊያው ይስማማዋል፣ ዋጋውም አይከብድም፤ ነገር ግን ብሎን የሚነክሰው እንጨት ያለው በዳርና ዳሩ ብቻ ነው። ስለሆነም ሦስቱን የተለመዱ የቁልፍ ዓይነቶች ስገመግም የብረታቸውን ጥራት ብቻ ሳይሆን በዚህ በር ላይ ምን ይዘው እንደሚቆሙ ጭምር መዝኛለሁ።

ቁልፍ ከመግዛት በፊት በሩን ማወቅ ይገባል። በሩን በጣት ጫፍ ከመሐል ወደ ዳር እየኳኳችሁ ብትሄዱ፣ ድምፁ ከባዶነት ወደ ድፍንነት የሚለወጥበት ቦታ የፍሬሙ መጀመሪያ ነው። ይበልጥ እርግጠኛ ለመሆን በውስጠኛው ገጽ፣ ለዓይን በማይታይ ቦታ፣ በቀጭን መርፌ መውጋት ይቻላል፤ መርፌው ኮምፔንሳቶውን አልፎ ዘው ካለ ከሥሩ ባዶ ነው፣ ከተገታ እንጨት አለ። አናጺው ኮምፔንሳቶውን በምስማር መትቶት ከሆነም ትንሽ ማግኔት የምስማሮቹን መስመር ያሳያል። ብዙውን ጊዜ የፍሬሙ ስፋት ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። አንዳንድ አናጺ ግን እጀታ በሚገባበት ከፍታ ላይ ተጨማሪ ጣውላ ያስገባል፤ ይህ ከተገኘ ሥራው ግማሽ ያህል ተቃሏል። የበሩን ጠቅላላ ውፍረት በማስመሪያ ለክቶ ቁጥሩን ወደ ሱቅ ይዞ መሄድም ግድ ነው፤ ውስጠ ባዶ በር አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ይወፍራልና።

አሁን ብዙ ገዢ ወደሚዘነጋው ዋና ጉዳይ እመጣለሁ። ሁለት ተካፋች ያለው ቁም ሣጥን ላይ ቁልፉ የሚታሰረው በአንደኛው ተካፋች ነው፤ ምላሱ የሚያርፈው ደግሞ ከሁለተኛው ተካፋች ጀርባ ነው። አንድ ሰው እጀታውን ይዞ ሲጎትት ኃይሉ በሙሉ በምላሱ በኩል ወደ ሁለተኛው ተካፋች ይተላለፋል። ይህ ሁለተኛው ተካፋች ከቁም ሣጥኑ አካል ጋር ካልተያዘ፣ ቁልፉ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ሁለቱ በሮች ተያይዘው አብረው ይከፈታሉ። በመሆኑም መጀመሪያ መገዛት ያለበት ቁልፍ ሳይሆን ሁለት መወርወሪያ ነው፤ አንዱ ከላይ ወደ ቁም ሣጥኑ ጣሪያ፣ ሌላው ከታች ወደ ወለሉ የሚገባ። ከላይ ብቻ አስሮ መተው አይበቃም፤ ቁመቱ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ቀጭን በር ከታች ሲጎተት ይለመጣልና። መካከለኛው መደርደሪያ በደንብ የተመታና የማይነቃነቅ ከሆነ፣ ከሁለተኛው ተካፋች ጀርባ ጋንቾ አስሮ መደርደሪያው ላይ በተመታ ዓይን ውስጥ ማስገባት ከታችኛው መወርወሪያ ይልቅ ይመቻል፤ ለመክፈት ማጎንበስ አያስፈልግም።

ከቁልፎቹ በጣም የተለመደውና ርካሹ ምላሱ የሚዞረው ክብ ቁልፍ ነው። 19 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ አንድ ቀዳዳ ብቻ ስለሚፈልግ ለመግጠም ቀላል ይመስላል። ለውስጠ ባዶ በር ግን ሁለት ጉድለት አለበት። የመጀመሪያው ርዝመቱ ነው፤ ለ18 ሚሊ ሜትር ሰሌዳ የተሠራው በ30 ሚሊ ሜትር በር ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል፣ ከጀርባ ዳዶውን የሚይዝ ጥርስ አይተርፈውም። አካሉ ከበሩ ውፍረት የሚረዝምም አለና እሱን መጠየቅ ያሻል። ሁለተኛው ደግሞ መሽከርከሩ ነው። የቁልፉ ጎኖች ጠፍጣፋ የሆኑት ለብረት መሳቢያ በተቆረጠ ጠፍጣፋ ጎን ባለው ቀዳዳ ውስጥ እንዳይዞሩ ነው፤ በእንጨት ላይ በፑንታ የተበሳ ክብ ቀዳዳ ግን አይዛቸውም፣ ከጊዜ በኋላም መክፈቻው ሲዞር ቁልፉ በሙሉ አብሮ ይዞራል። ስለዚህ ጥርስ ያለው ሮንዴላ ወይም በብሎን የሚታሰር መቀመጫ የሌለውን ባትገዙ እመክራለሁ። ዳዶው በባዶው የበሩ ክፍል ላይ ጠብቆ ከታሰረም ኮምፔንሳቶውን ወደ ውስጥ ይሰብረዋል።

እኔ የማስቀድመው በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ በአራት ብሎን የሚታሰረውንና ምላሱ ወደ ጎን የሚወጣውን ቁልፍ ነው። ጭነቱን በአንድ ቀዳዳ ላይ ከመጣል ይልቅ በአራት ነጥብ ያከፋፍላል፤ አራቱም ብሎኖች እንጨት ካገኙም ለዓመታት አይላላም። የመክፈቻው ቀዳዳ ያለበት ክብ አካል ከበሩ ውፍረት ጋር መመጣጠኑን፣ እንዲሁም ቁልፉ ለቀኝ ወይም ለግራ በር የተሠራ መሆኑን በሱቁ ውስጥ ማየት ያስፈልጋል። ረጅም አንገት ያለው የብረት መክፈቻ የሚጠቀመው የድሮ ዓይነት ለወፍራም በር በልኩ ይገኛል፤ ሆኖም ውስጡ እጅግ ቀላል ስለሆነ በሌላ ተመሳሳይ መክፈቻ ሊከፈት ይችላል።

ሦስተኛው ምርጫ ከውጭ የሚታሰር ብረትና ጓጉንቸር ነው። በስስ ኮምፔንሳቶ ላይ በአጭር ብሎን የታሰረ ብረት በእጅ ተስቦ ይነቀላል። ከፊት ወደ ኋላ ባለፈ ባለ ዳዶ ብሎንና በሰፊ ሮንዴላ ከታሰረ ይጠነክራል፤ መልኩን ግን ያበላሻል። ለዕቃ ማከማቻ ክፍል ካልሆነ ለመኝታ ቤት አልመርጠውም።

የመረጣችሁት ቁልፍ ከፍሬሙ ሰፍቶ ብሎኖቹ ባዶ ላይ የሚያርፉ ከሆነ፣ ብሎን የሚይዘውን የግድግዳ ፕላስቲክ በመወተፍ ለማዳን አትሞክሩ፤ ካርቶን ፕላስቲክን አይጨብጥም። ትክክለኛው መፍትሔ ከፍሬሙ ጎን፣ በውስጠኛው ኮምፔንሳቶ ላይ ብቻ፣ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን መስኮት በስለታም ቢላዋ ቆርጦ ካርቶኑን ማውጣት፣ በልኩ የተዘጋጀ ደረቅ ጣውላ ኮላ ቀብቶ ከፍሬሙና ከፊተኛው ኮምፔንሳቶ ጋር ማጣበቅ፣ ከዚያም በሞርሳ ጨብጦ ማሳደር ነው። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ግን ባዶውን በር ቁልፉ በሚገባበት ቦታ ላይ ድፍን ያደርገዋል፤ ከየትኛውም ውድ ቁልፍ የበለጠ ጥቅም ያየሁበትም እዚህ ላይ ነው።

ስትበሱ በሁለቱም ገጽ ላይ ወረቀት ፕላስተር ለጥፉ፤ ከፊት ጀምራችሁ የፑንታው ሹል ጫፍ ከኋላ ብቅ ሲል አቁሙና ከኋላ ጨርሱት፤ አለዚያ ኮምፔንሳቶው ይቦጨቃል። ለ3.5 ሚሊ ሜትር ብሎን በቅድሚያ በ2 ሚሊ ሜትር ፑንታ መብሳት ጣውላው እንዳይሰነጠቅ ይረዳል። የመጨረሻውን ዙር በትራፓኖ ሳይሆን በካቻቢቴ አጥብቁት።

የቁልፉን ዓላማም በልኩ ማሰብ ተገቢ ነው። መድኃኒትን ከሕፃናት ለማራቅ፣ አብሮ ከሚኖር ሰው የግል ወረቀትን ለመጠበቅ ይህ ሁሉ በቂ ነው። ወርቅና ፓስፖርት ግን 4 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶን አምነው ሊቀመጡ አይገባም፤ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ከግድግዳው ጋር የታሰረ የብረት ሣጥን ይፈልጋሉ።

በክረምት እንጨት እርጥበት ጠጥቶ ስለሚያብጥ በሁለቱ ተካፋቾች መካከል 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት መተው፣ የመወርወሪያዎቹንም ቀዳዳ ጥቂት አስፍቶ መብሳት ያስፈልጋል። በበጋ ልክክ ብሎ የተገጠመ ቁልፍ በሐምሌ ምላሱ ሊቀረቀርና መክፈቻውን ውስጡ ሊሰብር ይችላል፤ እንዲህ ሲጠብቅ በኃይል ከማዞር በፊት ሁለተኛውን ተካፋች በእጅ ገፋ አድርጎ ምላሱን ከጫና ማላቀቅ ይበቃል።