የልጆች የጉዞ ፈቃድ ደብዳቤ የት ይሠራ? የባንክ፣ የኢንተርኔትና የሐበሻ ቢሮ ኖተሪዎች ሲመዘኑ

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆችን ከአያት ወይም ከአክስት ጋር ወደ አዲስ አበባ መላክ በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ዘንድ የተለመደ ነው። ትኬቱ ከተቆረጠ፣ ሻንጣው ከታሰረ በኋላ በመጨረሻ የሚታወሰው ወረቀት ደግሞ የወላጅ ፈቃድ ደብዳቤ ነው። ይህን ወረቀት ኖተራይዝ የሚያደርጉ፣ ማለትም ፊርማውን በኖተሪ (ፊርማ ለማረጋገጥ ሕጋዊ ሥልጣን ባለው ሰው) ፊት የሚያረጋግጡ ቦታዎች ብዙ ናቸው፤ ዋጋቸውም ጥራታቸውም ይለያያል።

ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። ለእረፍት ሄዶ ለሚመለስ ልጅ ደብዳቤውን ወላጅ ራሱ በጥንቃቄ ጽፎ በባንክ ኖተሪ ቢያስፈርመው ይበቃል። ለሐበሻ ቢሮ፣ ማለትም ኖተሪን ከትርጉምና ከመሳሰለው ጋር ለሚሠራ የአበሻ ድርጅት፣ መክፈል የሚያዋጣው ትርጉም ወይም ውክልና ሲያስፈልግ ነው። በካሜራ የሚሠራው የኢንተርኔት ኖተሪ ሁለቱ ወላጆች በተለያየ ከተማ ሲሆኑና ጊዜ ሲያጥር ይጠቅማል፤ ከዚያ ውጭ የመጀመሪያ ምርጫ አናደርገውም።

የአሜሪካ ሕግ ልጅ ከአገር ሲወጣ ይህን ደብዳቤ አያስገድድም። የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ግን ከሁለቱም ወላጆቹ ጋር የማይጓዝ ልጅ በእንግሊዝኛ የተጻፈና ኖተራይዝ የተደረገ ደብዳቤ እንዲይዝ አጥብቆ ይመክራል። አየር መንገዱም ሆነ መተላለፊያው አገር ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው የሚመጣው ልጅን ያለ ሌላው ወላጅ ፈቃድ ይዞ መጥፋት በእውነት ስለሚደርስ ነው። ጠያቂው መኮንን ልጃችንን እየጠበቀልን ነውና ወረቀቱ ሥራውን እንዲያቀልለት አድርገን እንጻፈው።

ኖተሪው የሚያረጋግጠው የፈራሚውን ማንነትና ፊርማ ብቻ ነው። የደብዳቤው ይዘት ትክክል ይሁን አይሁን አይመለከተውም፤ የጎደለ የፓስፖርት ቁጥር ቢኖር አይነግርዎትም። ጠበቃ ካልሆነ ደግሞ የሕግ ምክር መስጠት አይፈቀድለትም። ስለዚህ «መንግሥት ያጸደቀው የጉዞ ፈቃድ» እያለ ጥቅል የሚሸጥ ቢሮ ካጋጠመዎት አይግዙ። እንዲህ ያለ የመንግሥት ማጽደቂያ የለም።

የባንክ ኖተሪ ጥሩ ጎኑ ብዙ ባንኮች ለደንበኛቸው በነፃ መስጠታቸው ነው። ቀጠሮ በስልክ ይያዝና ሁለቱም ወላጆች ጊዜው ያላለፈ መታወቂያ ይዘው ይሂዱ። ቤት ውስጥ አይፈርሙ፤ የመሐላ ቃል ያለበት ሰነድ በኖተሪው ፊት ካልተፈረመ አይሠራም። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ፦ ኖተሪው ከታች የሚሞላው ማረጋገጫ ፊቱ የቀረበውን ሰው ብቻ ይጠቅሳል። ሁለት ፊርማ ኖሮ ማረጋገጫው የአባትን ስም ብቻ ከያዘ የእናት ፊርማ ኖተራይዝ አልሆነም። ከወንበሩ ሳይነሡ ሁለቱም ስሞች መጻፋቸውን ያንብቡ። የባንክ ድክመቱ አማርኛ ያለበትን ወረቀት የማይነካ ሠራተኛ መብዛቱ ነው፤ የማያነበውን ሰነድ ለመንካት መፍራቱ አይፈረድበትም። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ ግን ችግር የለም። የባንክ ደንበኛ ካልሆኑ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትን ይጠይቁ፤ አንዳንዶቹ በነፃ ይሠራሉ። የእሽግ መላኪያ ሱቆችም በክፍያ ይሠራሉ። ክፍያውን የሚገድበው የስቴቱ ሕግ ነው፤ ለምሳሌ ካሊፎርኒያ ለአንድ ፊርማ ከ15 ዶላር በላይ ማስከፈልን ይከለክላል።

የኢንተርኔት ኖተሪን በሕግ በመፍቀድ ቀዳሚዋ ቨርጂኒያ ናት፤ ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው በ2012 ሲሆን የክፍያው ጣሪያም 25 ዶላር ነው። አሠራሩ መታወቂያን በካሜራ ማሳየትና ከብድር ታሪክ የሚወጡ ጥያቄዎችን መመለስ ነው፤ ከዚህ በፊት የኖሩበት አድራሻ፣ የነበረዎት የመኪና ብድር እና የመሳሰለው። በቅርቡ ወደ አሜሪካ የገባ ወላጅ የብድር ታሪክ ስለሌለው እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም፣ የአሠራሩ ነው። ሌላው ችግር የሚሰጠው ሰነድ ዲጂታል መሆኑ ነው። ሲታተም ኤሌክትሮኒክ ማኅተሙ ተራ ሥዕል ይሆናል፤ የቀለም ፊርማና ማኅተም የለመደ ሠራተኛ ፊት ደካማ ነው። አባት ዳላስ፣ እናት ሲልቨር ስፕሪንግ ከሆኑ እያንዳንዳቸው በየአሉበት የራሳቸውን ደብዳቤ በአካል ቢያስፈርሙ ይሻላል። ሁለት ደብዳቤ ለአንድ ልጅ ምንም ስሕተት የለበትም።

ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ አካባቢ ታክስ፣ ትርጉም፣ ትኬትና ኖተሪ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሠሩ የሐበሻ ቢሮዎች አሉ። ትልቁ ጥቅማቸው እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው ወላጆችና አያቶች እያንዳንዱን መስመር በአማርኛ ማስረዳታቸው ነው፤ የሚፈርሙትን አውቀው መፈረም መብታቸው ነው። ድክመታቸው የተዘጋጀ ቅጽ ላይ ስም ብቻ ቀይሮ ማተም ነው። የቀድሞው ደንበኛ የበረራ ቀን ወይም የልጅ ጾታ ሳይቀየር የሚቀርበት ጊዜ አለ። ሌላም መጠየቅ ያለበት፦ ተርጓሚው ራሱ ኖተሪ ከሆነ በትርጉሙ ላይ ያለውን የራሱን ፊርማ ራሱ ማረጋገጥ አይችልም። ሁለት ሰው የሌለው ቢሮ ለትርጉም አይመረጥም።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። የእኛ ቤተሰቦች ወረቀት አየር ማረፊያ ላይ የሚቆመው በአብዛኛው በስም ነው። ልጁ ናሆም ዳዊት ከበደ ነው እንበል። እናቱ ሰላም ተስፋዬ፣ አብራው የምትጓዘው የእናቱ እናት አልማዝ ወልዴ ናቸው። ከሦስቱ ፓስፖርቶች አንዱ እንኳ ከሌላው ጋር የሚመሳሰል የቤተሰብ ስም የለውም። ለእኛ ይህ ሥርዓታችን ነው፤ የቤተሰብ ስም ለለመደ መኮንን ግን ሦስት የማይዛመዱ ሰዎች ናቸው። መፍትሔው የልደት የምስክር ወረቀት ነው፤ አጭሩ ሳይሆን የወላጆች ስም በሙሉ የተጻፈበት። ከእሱ ጋር የሁለቱ ወላጆች ፓስፖርት ወይም መንጃ ፈቃድ ኮፒ ይያያዝ። በደብዳቤው ውስጥ ዝምድናው በግልጽ ይጻፍ፦ «ዘመድ» ሳይሆን «የእናቱ እናት»። ፊደሉም በልማድ ሳይሆን በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይሁን፤ ፀጋዬ በእንግሊዝኛ ብዙ ዓይነት ይጻፋልና አንዲት ፊደል ጥያቄ ታስነሣለች። ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደ ልጅ ከሆነ የልደት ቀኑ ከኢትዮጵያ ዘመን ሲመለስ ስሕተት አለመግባቱን ከፓስፖርቱ ጋር ያስተያዩ።

ደብዳቤው የልጁን ሙሉ ስም፣ የልደት ቀንና ቦታ፣ የፓስፖርት ቁጥር፤ የአጃቢውን ስምና የፓስፖርት ቁጥር፤ የመሄጃውንም የመመለሻውንም ቀን፤ የሚያርፍበትን አድራሻና የተቀባዩን ስልክ ይያዝ። የመመለሻ ቀን የሌለው ደብዳቤ ብዙ ጥያቄ ያስነሣል። በረራው ሊለወጥ ስለሚችል ግን አንድ ቀን ብቻ ከመጻፍ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን» ማለት ይመረጣል። የሕክምና ፈቃድ በተለየ አንቀጽ ይግባ፦ አጃቢው ልጁን ሐኪም ቤት ወስዶ ማሳከምና መፈረም እንደሚችል፣ ልጁ ያለበት አለርጂ ካለም። አንደኛው ወላጅ በሕይወት ከሌለ የሞት የምስክር ወረቀት፣ ልጁን ብቻውን የሚያሳድግ ወላጅ ከሆነ ደግሞ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ የተረጋገጠ ግልባጭ ይያያዝ።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ቅጽ አለ። ዲ ኤስ 3053 የሚባለው የጉዞ ፈቃድ አይደለም፤ ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የአሜሪካ ፓስፖርት ሲወጣ መቅረብ ያልቻለው ወላጅ መስማማቱን የሚገልጽበት ነው። ኖተራይዝ ከተደረገበት ቀን ጀምሮ 90 ቀን ብቻ ይሠራል፤ የፈራሚው መታወቂያ የፊትና የጀርባ ኮፒ ካልተያያዘ ይመለሳል። ይህን ቅጽ ያሠራ ቤተሰብም የጉዞውን ደብዳቤ ለብቻው ማሠራት አለበት።

ልጁ አዲስ አበባ የሚሄደው ለእረፍት ሳይሆን ከአያቱ ጋር ሊኖርና ሊማር ከሆነ የእንግሊዝኛው ደብዳቤ አያዋጣም። እዚያ የሚጠየቀው ውክልና ነው። የኢትዮጵያ ኤምባሲ ፊት በአካል መፈረም አጭሩ መንገድ ነው። በአሜሪካ ኖተሪ የተፈረመ ሰነድ ግን በስቴቱ ጸሐፊ ቢሮ፣ ከዚያ በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ከዚያ በኤምባሲው ማለፍ አለበት። አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ይሄዳል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አባትና እናትን በጋብቻ ዘመናቸው የልጃቸው የጋራ አሳዳሪና ሞግዚት ስለሚያደርጋቸው ሁለቱም ይፈርሙ። «ጠቅላላ ውክልና» የሚል ርዕስ አያታልልዎት፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና ከተራ አስተዳደር ሥራ አያልፍም። ትምህርት ቤት ማስመዝገብ፣ ማሳከም፣ ፓስፖርት ማሳደስ፣ ከአገር ይዞ መውጣት፦ እያንዳንዱ በስሙ ይጻፍ። የሐበሻ ቢሮ ዋጋ እዚህ ላይ ተገቢ ነው፤ የአማርኛውን የሕግ አነጋገር የሚያውቅ ሰው ብዙ ምልልስ ያድናል።

ያለ አጃቢ የሚበር ልጅ ካለ የአየር መንገዱ ቅጽ ይጨመራል። ከ5 ዓመት በታች ያለን ልጅ ብቻውን የሚቀበል አየር መንገድ አይፈለግ። ቦታውን በኢንተርኔት ከመያዝ በስልክ ወይም በቢሮ መያዝ ይሻላል፤ አገልግሎቱ የተለየ ክፍያና ቅድመ ማረጋገጫ ስላለው፣ በሌላ አየር መንገድ የሚቀጥል ጉዞ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስለማይሰጥ። ቅጹ ቦሌ ላይ ልጁን የሚረከበውን ሰው ሙሉ ስም፣ አድራሻና ስልክ ይጠይቃል። እዚህ ላይ የቤት ስም እንዳይገባ አደራ። ቤተሰቡ ሁሉ «እትዬ ማሚቴ» የሚላቸው አክስት መታወቂያቸው ላይ ወርቅነሽ ከሆኑ ሠራተኛው ልጁን አይሰጣቸውም፤ ማክበር ያለበትም ይህንኑ ነው። ከመሞላቱ በፊት የፋይዳ (የብሔራዊ መታወቂያ) ወይም የፓስፖርታቸውን ፎቶ አስልከው ከዚያ ላይ ይገልብጡ፤ ሁለተኛ ተቀባይም ያስመዝግቡ። የወላጆቹ ስልክ ከአገር ኮዱ ጋር ይጻፍ፤ በክረምት አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በ7 ሰዓት ስለምትቀድም እዚያ ጧት ሲሆን እዚህ ሌሊት ነው፤ አውሮፕላኑ እስኪያርፍና ልጁን እስኪረከቡት ድረስ ስልኩ ድምፁ ተከፍቶ ይደር።