ሶይልግሪድስ በጭንጫ ተዳፋት ላይ ሲመዘን

በድንጋያማ ተራራ ወገብ ላይ ያለ የግጦሽ መሬት ስንት እንስሳ ሊቀልብ እንደሚችል ለማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ ሣሩን ከመገመቱ በፊት አፈሩ ምን ያህል ውኃ ይዞ እንደሚቆይ ማወቅ አለበት። ይህም ከሁሉ በላይ በሁለት ነገሮች ይወሰናል፤ ዐለቱ ከመሬቱ ገጽ ስንት ሴንቲሜትር ወርዶ እንደሚጀምርና ከዐለቱ በላይ ካለው አፈር ውስጥ ምን ያህሉ ድንጋይ እንደሆነ። ሶይልግሪድስ የተባለውን ዓለም አቀፍ የአፈር ካርታ አገልግሎት የምመዝነው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው። ለሰፊ ሜዳ የተስማማ መረጃ ለገደላማ መሬትም እኩል ይሠራል ብሎ መውሰድ በግጦሽ ዕቅድ ላይ ከባድ ስሕተት ሊያስከትል ስለሚችል፣ ጉዳዩ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል።

አገልግሎቱን የሚያቀርበው መቀመጫውን በኔዘርላንድስ፣ ዋገኒንገን ያደረገው ኢስሪክ የተባለ የዓለም የአፈር መረጃ ማዕከል ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ሁለተኛው ዕትም ከዓለም ዙሪያ ወደ 240,000 በሚጠጉ ቦታዎች የተመዘገበ የአፈር ምርመራ ውጤትን፣ ከ400 ከሚበልጡ የአየር ንብረት፣ የመሬት አቀማመጥና የሳተላይት መረጃዎች ጋር በማገናኘት፣ ጉድጓድ ባልተቆፈረበት ቦታ ያለውን አፈር በኮምፒውተር ስሌት ይገምታል። ግምቱ የሚሰጠው እያንዳንዱ ጎኑ 250 ሜትር ለሆነ የካርታ ክፍል ሲሆን፣ ከገጽ እስከ 200 ሴንቲሜትር ያለው ጥልቀት በ5፣ በ15፣ በ30፣ በ60 እና በ100 ሴንቲሜትር ላይ እየተቆረጠ በስድስት ንብርብሮች ይከፈላል። የሸክላ፣ የደለልና የአሸዋ መጠን፣ የአፈሩን ኮምጣጣነት የሚያሳየው ፒኤች፣ ናይትሮጅን፣ ኦርጋኒክ ካርቦንና የአፈሩ ጥግግት (የአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ደረቅ አፈር ክብደት በግራም) ሁሉም ይገኛሉ። ክፍያ የለውም፤ ምንጩን እስከጠቀሰ ድረስ ማንም ሰው ለፈለገው ሥራ ሊያውለው ይችላል።

ለእኛ ጉዳይ ትልቁ ቁም ነገር የድንጋይ መጠን በራሱ ካርታ መቀመጡ ነው። በአፈር ሳይንስ ከ2 ሚሊሜትር ወንፊት የማያልፍ ሁሉ፣ ከጠጠር እስከ ቋጥኝ፣ በድንጋይነት ይቆጠራል። ውኃና ንጥረ ነገር ለሣር ሥር የሚያቀርበው በአብዛኛው በወንፊቱ ያለፈው ደቃቅ አፈር ነው። አንድ ምሳሌ ብንወስድ፣ 30 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለውና ከይዘቱ 15 በመቶ ያህል ለዕፅዋት የሚሆን ውኃ የሚይዝ ደቃቅ አፈር 45 ሚሊሜትር ዝናብ ያጠራቅማል። የይዘቱ ግማሽ ድንጋይ ከሆነ ግን የሚያጠራቅመው 22.5 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ዝናቡ በተቋረጠ ቁጥር የመጀመሪያው መሬት ላይ ያለው ሣር ለምልሞ ሲቆይ የሁለተኛው ቀድሞ ይጠወልጋል ማለት ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በሸክላና በአሸዋ መጠን ካርታ ላይ ፈጽሞ አይታይም። ስለዚህ ድንጋዩን ለብቻው አውጥቶ የሚያሳይ ነጻ ካርታ ማግኘት ለግጦሽ ባለሙያ እውነተኛ ውለታ ነው።

ቁጥሮቹን ሲያነቡ ግን መጠንቀቅ ያሻል። የድንጋይ መጠኑ የተቀመጠው ከሺህ ስለሆነ ወደ መቶኛ ለመለወጥ ለ10 መካፈል ያስፈልጋል፤ 280 ተብሎ የተጻፈው 28 በመቶ ነው። ፒኤችም ለ10፣ ጥግግት ደግሞ ለ100 ይካፈላሉ። የሚወርዱት ፋይሎች ሆሞሎሲን በተባለ የካርታ አጣጣል የተዘጋጁ በመሆናቸው፣ ከሌላ ካርታ ጋር ለማነባበር መጀመሪያ መለወጥ አለባቸው። ይህን የሚያደርግ ነጻ ሶፍትዌር ስላለ እንቅፋቱ ትንሽ ነው።

ዋናው ችግር የካርታው ክፍል ስፋት ነው። 250 ሜትር በ250 ሜትር ማለት 6.25 ሄክታር ነው። በተራራ ወገብ ላይ በዚህ ስፋት ውስጥ ስንት ዓይነት አፈር እንደሚኖር ተዳፋቱን በእግሩ የወጣ ሰው ያውቃል። ከላይ ሸንተረሩ ላይ ዐለቱ ራሱ ይወጣል፤ ሣሩም በስንጥቆቹ መካከል ብቻ ተሰግስጎ ይበቅላል። ወረድ ሲሉ ቁልቁለቱ ይበረታል፤ አፈሩ በመዳፍ ውፍረት የሚለካ ሆኖ ድንጋዩ ከገጹ በላይ ይበዛል። ወደ ግርጌው ሲደርሱ ደግሞ ከላይ ታጥቦ የወረደው ደቃቅ አፈር ተከማችቶ ጥቁር፣ ጥልቅና እርጥበት የሚይዝ ይሆናል። ሦስቱም በአንድ የካርታ ክፍል ውስጥ ሊወድቁና አንድ አማካይ ቁጥር ሊወክላቸው ይችላል። ይህ አማካይ ለሸንተረሩ እጅግ የበዛ፣ ለግርጌው ደግሞ ያነሰ አቅም ይሰጣል፤ በዚያ መሠረት የእንስሳቱ ቁጥር ከተወሰነ መጀመሪያ የሚራቆተው ስሱ መሬት ነው። ፀሐይ አብዝቶ የሚመታው ጎንና ጥላ የሚበዛበት ጎን በሚገናኙበት ጠባብ ሸንተረር ላይም ሁለቱ ጎኖች በእርጥበትና በብስባሽ መጠን እጅግ እየተለያዩ በአንድ ቁጥር ሊጠቃለሉ ይችላሉ።

ከዚህ የሚብሰው የጥልቀት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የቀድሞው ዕትም የዐለቱን ጥልቀት የሚገምት ካርታ ነበረው፤ በሁለተኛው ዕትም ውስጥ ግን ይህ የለም። ካርታው በ25 ሴንቲሜትር ላይ ዐለት በሚገኝበት ተዳፋትም ቢሆን እስከ 200 ሴንቲሜትር ድረስ የሸክላና የካርቦን ቁጥር ይሰጣል። በዓለም አቀፉ የአፈር አመዳደብ ሌፕቶሶል የሚባሉት አፈሮች እንዲህ ያሉት ናቸው፤ ያልተቋረጠ ዐለት በ25 ሴንቲሜትር ውስጥ የሚገኝባቸው፣ ወይም እስከ 75 ሴንቲሜትር ባለው ጥልቀት ደቃቁ አፈር በአማካይ ከይዘቱ 20 በመቶ የማይሞላባቸው። በስፋታቸውም ወደ 1.65 ቢሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት ይሸፍናሉ፤ በምድር ላይ ከሁሉም የአፈር ምድቦች የሚበልጥ ስፋት ማለት ነው፤ አብዛኛውም ተራራማ ነው። ለዚህን ያህል ሰፊ መሬት የጥልቀት ካርታ መጉደሉ የአገልግሎቱ ትልቁ ድክመት ነው ብዬ አምናለሁ።

በዚህ ምክንያት የካርታውን ቁጥር በዶማና በወንፊት ማረጋገጥ ግድ ይላል፤ ሥራው ደግሞ እንደሚፈራው አይከብድም። ጎንና ጥልቀቱ 30 ሴንቲሜትር የሆነ ጉድጓድ ሲቆፈር የሚወጣው ይዘት 27 ሊትር ነው። የወጣውን ሁሉ በሸራ ላይ ዘርግቶ፣ አድርቆና በ2 ሚሊሜትር ወንፊት ነፍቶ፣ በወንፊቱ ላይ የቀረውን ድንጋይ አፉ ድረስ ውኃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ቀስ አድርጎ መጨመርና የሚፈሰውን ውኃ መለካት ነው። 11 ሊትር ከፈሰሰ የድንጋዩ ድርሻ 41 በመቶ ገደማ ነው። ድንጋዩን በሚዛን ብቻ መዝኖ መቶኛ ማውጣት ግን ያሳስታል፤ ድንጋይ ከደቃቁ አፈር ስለሚከብድ በክብደት 60 በመቶ የሆነው በይዘት 40 በመቶ አካባቢ ሊሆን ይችላል። የሶይልግሪድስ ቁጥር በይዘት የተሰጠ ስለሆነ ከእርሱ ጋር የሚነጻጸረውም በይዘት የተለካው መሆን አለበት።

ብዙ ተጠቃሚ ሳያየው የሚያልፈው፣ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የማከብረው የአገልግሎቱ ክፍል የእርግጠኝነት ወሰኑ ነው። ለእያንዳንዱ ክፍልና ንብርብር ከአማካዩ ጋር ዝቅተኛውና ከፍተኛው ግምት፣ ማለትም 5ኛውና 95ኛው መቶኛ፣ አብሮ ይሰጣል። ዝቅተኛው 5 በመቶ፣ ከፍተኛው 60 በመቶ ድንጋይ የሚል ቦታ ሲገኝ፣ ስሌቱ ስለዚያ ተዳፋት ብዙ እንደማያውቅ ራሱ እየተናገረ ነው። የአፈር ጉድጓድ በብዛት የሚቆፈረው ለእርሻ በሚመች መሬት ላይ በመሆኑ በተራራማ ቦታ ወሰኑ መስፋቱ የሚጠበቅ ነው፤ ይህን ሳይሸሽጉ በካርታ ማውጣታቸው ግን ሊመሰገን ይገባዋል። አዘጋጆቹ ራሳቸውም ካርታው ለአንድ ማሳ ወይም ለአንድ ሸለቆ ዝርዝር ውሳኔ የሚውል እንዳልሆነ ይገልጻሉ።

ምንም ዓይነት የርቀት ግምት ሊነግረን የማይችለው ነገርም አለ። ድንጋዩ በገጹ ላይ ልቅ ሆኖ ሲቀመጥ የዝናብን ጠብታ ይመክታል፣ ትነትን ይቀንሳል፣ ውኃውም ከሥሩ እንዲሰርግ ይረዳል። ያው ድንጋይ በደረቀና በተደፈነ ገጽ ውስጥ ተቀብሮ ሲገኝ ደግሞ ውኃውን ወደ ጎን እየመለሰ ጎርፍን ያበዛል። መቶኛው አንድ ሆኖ ሳለ መሬቱ ሁለት ዓይነት ጠባይ ይኖረዋል። የእንስሳት ኮቴ በእርጥብ ወቅት አፈሩን ሲጠቀጥቅ አንዱን ወደ ሌላው ሊለውጠው ስለሚችል፣ ይህ ለግጦሽ አያያዝ ዋና ነገር ነው። ዐለቱ የተሰነጣጠቀ ከሆነም የቁጥቋጦ ሥር በስንጥቁ ወርዶ ሣር የማይደርስበትን እርጥበት ያገኛል፤ ፍየል የምትበላው ቁጥቋጦ በበጋ ለምለም ሆኖ የሚታየው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። እንደ እሳተ ገሞራ ቀላል ድንጋይ ያሉ ቀዳዳማ ድንጋዮችም ራሳቸው ውኃ ይይዛሉ፤ ካርታው ግን ሁሉንም ድንጋይ አንድ አድርጎ ይቆጥራል።

የካርቦን ክምችት ለሚያሰሉም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የሶይልግሪድስ ጥግግት የደቃቁ አፈር ጥግግት ነው፤ ስለዚህ የድንጋዩ ድርሻ ካልተቀነሰ ውጤቱ ይጋነናል። በኪሎ ግራም 20 ግራም ካርቦን ያለውና ጥግግቱ 1.2 የሆነ አፈር እስከ 30 ሴንቲሜትር ጥልቀት በሄክታር 72 ቶን ካርቦን ያለው ይመስላል፤ 40 በመቶው ድንጋይ ከሆነ እውነተኛው 43 ቶን ያህል ነው።

ሰፊ ተራራማ አካባቢን በጥቅሉ ማየት ለሚፈልግ፣ የጥናት ቦታ ለሚመርጥ ወይም ምንም የቀደመ መረጃ ለሌለው ባለሙያ አገልግሎቱን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። የአንድ ተዳፋት የእንስሳት ቁጥር ለሚወስን ግን የእኔ ምክር ቅደም ተከተሉን መለወጥ ነው። መጀመሪያ የእርግጠኝነት ወሰኑን ካርታ ከፍቶ ወሰኑ የሰፋባቸውን ቦታዎች መለየት፤ ከዚያም በእነዚያ ቦታዎች ከሸንተረሩ፣ ከወገቡና ከግርጌው ቢያንስ አንድ አንድ ጉድጓድ ቆፍሮ የዐለቱን ጥልቀትና የድንጋዩን ይዘት መለካት፤ የካርታውን የሸክላ፣ የፒኤችና የካርቦን ቁጥር ደግሞ ጉድጓዱ እስከደረሰበት ጥልቀት ድረስ ብቻ፣ ድንጋዩን ቀንሶ መጠቀም።