ከወገብ መርፌ በኋላ ብራችሁን ምን ላይ ታውሉታላችሁ? ቀበቶ፣ ፍራሽ ወይስ ፊዚዮቴራፒ

ባለፈው ወር ብቻ አራት ሰው ደውሎልኛል። ጥያቄያቸው አንድ ነው። «ለሕመሙ ወገቤን መርፌ ልወጋ ነው፤ ያን የወገብ መደገፊያ ቀበቶ ከየት ነው የገዛሽው?» እኔም መልሼ ስንት ብር እንደያዙ እጠይቃቸዋለሁ። በ2017 ዓ.ም. መርፌውን ከተወጋሁ በኋላ 29,750 ብር አውጥቻለሁ። የማልቆጭበት 6,350 ብሩ ብቻ ነው። ሌላው ባክኗል።

መልሴን ቀድሜ ልንገራችሁ። ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ብር ካላችሁ ፊዚዮቴራፒ ክፈሉበት። ትንሽ ከተረፋችሁ ተራውን ቀበቶ ግዙ። ፍራሹን ተዉት።

ከሁሉም በፊት ግን የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም አትግዙ። መርፌው ውስጥ ብዙ ጊዜ ማደንዘዣና ስቴሮይድ (እብጠትንና ሕመምን የሚቀንስ መድኃኒት) አለ። ማደንዘዣው ወዲያው ይሠራል፤ ከአልጋ ስትነሱ የዳናችሁ ይመስላችኋል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይለቃል። በማግስቱ ሕመሙ ይመለሳል፤ እንዲያውም ለአንድ ሁለት ቀን ብሶ ሊሰማ ይችላል። ስቴሮይዱ ሥራ ለመጀመር ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 7 ቀን ይፈልጋል፤ ሁለት ሳምንት የሚፈጅበትም ሰው አለ። ሰው ደንግጦ ገበያ የሚወጣው በዚህ መሃል ነው። እኔም በሦስተኛው ቀን ነው የወጣሁት።

በዚያ ሳምንት የሚያስፈልጋችሁ በረዶ ነው። በፌስታል አድርጋችሁ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ፣ መርፌው የገባበት ላይ 15 ደቂቃ ያዙት። ዋጋው ዜሮ ነው። ሙቅ ውሃ የሚሞላውን ላስቲክ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አትጠቀሙ። እናቴ በማግስቱ ፍልውሃ ልትወስደኝ ልብስ ሁሉ አዘጋጅታ ነበር። ሐኪሙ ውሃ ውስጥ እንዳልዘፈዘፍ፣ ሻወር ብቻ እንድወስድ ነግሮኝ ስለነበር ቀረን። ወጌሻ ጠርታችሁ እንዳታሳሹትም። ስኳር ያለባችሁ ደግሞ ስቴሮይዱ ለጥቂት ቀናት ስኳራችሁን ከፍ ያደርገዋል፤ የቀበቶውን ብር ለመለኪያው ስትሪፕ አውሉት።

አሁን ወደ ቀበቶው። ገበያ ላይ በብዛት የምታዩት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ማግኔት ያለው፣ «ራሱ ይሞቃል» የሚባለው። ሌላው ተራው ላስቲክ፣ ጀርባው ላይ ብረት የገባበት።

የመጀመሪያው የእኔ ስህተት ነው። 1,200 ብር። ሻጩ ማግኔቱ ደም ያዘዋውራል፣ ዲስኩን (በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለውን ትራስ መሰል ነገር) ወደ ቦታው ይመልሳል አለኝ። ሕመም ላይ ያለ ሰው ሁሉን ያምናል። የሚሞቀው ክፍል ልክ መርፌው የገባበት ላይ አረፈና ቆዳዬን አቀላው። በ19ኛው ቀን የሚታሰርበት ማጣበቂያ (ቬልክሮው) መያዝ አቆመ። በዚያው ቀን እሱም ውስጥ ካሉት ብረቶች አንዱ ጨርቁን ቀዶ ወጥቶ ጎኔን ቧጨረኝ። 1,200 ለ19 ሲካፈል በቀን 63 ብር ነው። ልመልስ ብሄድ «የሕክምና ዕቃ አይመለስም» ተባልኩ። ጫማ ሰፊ ጋ ወሰድኩት። እሱም ገልበጥ አድርጎ አየውና «ይሄ በሙጫ ነው የተሠራው፣ ስፌት አይይዝም» ብሎ መለሰልኝ።

ተራውን የገዛሁት 2,600 ብር ነው፤ እጥፍ አልፎ ይሄዳል። ግን ከስምንት ወር በኋላ ማጣበቂያው ሲላላ ያው ጫማ ሰፊ አሮጌውን ፈትቶ አዲስ ሰፋበት። 150 ብር ከፈልኩ። እስካሁን እየሠራ ነው። ለእኔ የቀበቶ ጥራት ማለት ይሄ ነው፤ ሲበላሽ የሚጠገን መሆኑ።

አስመስሎ የተሠራውን ለመለየት ሱቁ ውስጥ ጊዜ ውሰዱ። «ሁሉን ሰው ይሆናል» ከተባላችሁ ውጡ። ደህናው ቀበቶ በሴንቲ ሜትር ተለክቶ ነው የሚሸጠው፤ የወገባችሁን ልክ ለክታችሁ ሂዱ። ብረቱን በእጃችሁ እጠፉት። ታጥፎ ከቀረ እቤትም እንደዚያው ነው የሚሆነው። ብረቱ የሚያልቅበት ጫፍ ላይ ስፌቱ ድርብ መሆኑን እዩ፤ የእኔ የተቀደደው እዚያ ጋ ነው። ማጣበቂያውን አሥር ጊዜ ክፈቱ፣ ዝጉ። በመጨረሻ አስራችሁት በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ሆዳችሁ ላይ ከተጠቀለለ አትግዙት።

ተራው ቀበቶ ቢሆንም አያድንም። ልብስ በሳፋ ሳጥብ፣ እንጀራ ስጋግር፣ ረጅም መንገድ ስሄድ አደርገዋለሁ። ስተኛ አወልቀዋለሁ። ቀኑን ሙሉ አስሬ የከረምኩ ጊዜ ፊዚዮቴራፒስቱ «እህቴ፣ ሁሉን ለቀበቶው ከተውሽው ወገብሽ ሥራውን ይረሳል» አለኝ።

ስለ ፍራሹ ብዙ አልልም፤ አሁንም ያናድደኛል። 21,000 ብር። «ኦርቶፔዲክ» የሚል ተጽፎበታል። ያንን ቃል ማንም ማተም ይችላል። በሦስት ወሩ መሃሉ ጎደጎደ። ዚፑን ከፍቼ ሳየው ከላይ ሁለት ጣት የሚያህል ደህና ስፖንጅ አለ፤ ከሥሩ የተጨፈለቀ ቁርጥራጭ ነው። የግድ የምትገዙ ከሆነ ሻጩ ፊት ልባሱን አስከፍቱ። «ፈቃደኛ አይደለሁም» ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ደግሞ «ጠንካራ ፍራሽ ለወገብ ጥሩ ነው» የሚባለውን እንዳለ አትመኑ። ስፔን ውስጥ 313 የወገብ ሕመምተኞች ላይ ተሠርቶ በ2003 እ.ኤ.አ. ላንሴት የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። የተሻላቸው መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ላይ የተኙት ናቸው። እኔ አሁን የምተኛው አሮጌው ፍራሽ ላይ ነው። በጀርባዬ ስሆን ከጉልበቴ ሥር፣ በጎኔ ስሆን በጉልበቶቼ መሃል ትራስ አደርጋለሁ። ትራሱ እቤት የነበረ ነው።

ፊዚዮቴራፒ ግን ሌላ ነገር ነው። መርፌው የሚሰጣችሁ ጊዜ ነው። የሠራለት ሰው ለሳምንታት ወይም ለወራት ሕመሙ ይቀልለታል፤ ከዚያ ሊመለስ ይችላል። በዓመት የሚሰጠው ቁጥርም የተወሰነ ነው። በዚያ ጊዜ ወገባችሁን ካላጠነከራችሁት የመርፌው ብርም አብሮ ሄደ ማለት ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም እንቅስቃሴንና የመሳሰለውን ከመድኃኒት ያስቀድማል።

ስምንት ጊዜ ሄጃለሁ፤ በየጊዜው 600 ብር። እዚህም ግን ተበልቻለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜ የሄድኩበት ቦታ ማሽን ጀርባዬ ላይ ለጥፈው 20 ደቂቃ አስተኝተው ነው የሸኙኝ። 1,200 ብር፣ ልክ እንደ ማግኔቱ ቀበቶ። ቀሪዎቹን ስድስት ጊዜ ሌላ ቦታ ሄድኩ። እዚያ ማሽን የለም ማለት ይቻላል። በጀርባዬ ተኝቼ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ ዳሌዬን እንዴት እንደማነሳ አሳየኝ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በጉልበት እንጂ በወገብ እንደማይነሳ ባዶ ጀሪካን አምጥቶ አለማመደኝ። ከ10 ደቂቃ የጀመርኩት የእግር ጉዞ 30 ደቂቃ ደረሰ። ያ 3,600 ብር ነው። ዛሬም ጠዋት ጠዋት እቤቴ በነፃ እሠራዋለሁ። በቀን ስንት እንደሚደርስ ማስላት ትቻለሁ፤ በየቀኑ እየረከሰ ነው።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ «እንቅስቃሴ ታስተምራላችሁ ወይስ ማሽን ብቻ ነው?» በሉ። ኪስ ካጠረ መንግሥት ሆስፒታል ክፍያው በጣም ያነሰ ነው፤ ወረፋው ስለሚረዝም ከመርፌው በፊት ተመዝገቡ። መቼ እንደምትጀምሩ ሐኪማችሁን ጠይቁ። እኔ የጀመርኩት ከአንድ ሳምንት በኋላ ነው።

አንድ ነገር ግን ከየትኛውም ዕቃ ጋር አይወዳደርም። ትኩሳት ከመጣ፣ ስትቀመጡ የሚብስ ስትተኙ የሚተው ከባድ ራስ ምታት ከያዛችሁ፣ እግራችሁ ከዛለ፣ በጭናችሁ መሃል ከደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃታችሁ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ። ነገ አትበሉ።

አንዷ ጓደኛዬ ሐሙስ ትወጋለች። የያዘችው 3,000 ብር ነው። አምስት ቀን ፊዚዮቴራፒ ያዢበት ብያታለሁ። የወገባችን ልክ እኩል ስለሆነ ቀበቶዬን ትዋሳለች። ቅዳሜ እንጀራ ስለምጋግር ብቻ በዚያ ቀን ትመልስልኛለች።