ሳትፈርድ ለመረመረች እህታችን ምስጋና

ሰላም ወገኖች። በሪሞት የሚበሩ የአውሮፕላን ሞዴሎች ላላችሁ ሁሉ ከልብ የምሰጠው አንድ ጥቆማ አለኝ። በአንድ የሞዴል አውሮፕላን ዕቃ ሻጭ የዋስትናና የጥገና ክፍል ውስጥ የምትሠራ እህታችን አለች። ያለ ፈቃዷ ስሟን በአደባባይ መጻፍ ተገቢ ስላልሆነ ትቼዋለሁ፤ የምትሠራበትን ቦታ የሚፈልግ ግን በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ በደስታ እሰጣለሁ።

የእኔ አውሮፕላን ብልሽት ብዙዎቻችሁን ያጋጠመ ነው። አውሮፕላኑ አየር ላይ እያለ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ሪሞቱን አልሰማ ይልና ተመልሶ ይታዘዛል። መጨረሻው ያው መሬት ነው፤ ፕሮፔለሩ ተሰበረ፣ አፍንጫው ተሰነጠቀ። ሌላ ቦታ ስንጥቁን በፎቶ አይተው ብቻ "ወድቋል፣ ዋስትና አይሸፍነውም" ብለው ፋይሉን ዘጉት። አንድ ሽቦ አልነኩም፣ አንድ ጥያቄ አልጠየቁም። ሌሎች ደግሞ "ስፒድ ኮንትሮለሩ (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ዕቃ) ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዛ" አሉ፤ በምን አወቃችሁ ሲባሉ መልስ የለም። ደንበኛን እንዲህ አድርጎ መሸኘት ያሳዝናል፣ ያናድዳልም።

የእሷ የመጀመሪያ ቃል ግን ይህ ነበር፦ "ወንድሜ፣ መውደቁ ነው ያበላሸው ወይስ ብልሽቱ ነው የጣለው? እሱን ሳንለይ ምንም አንወስንም።"

ከዚያ በስልክ እያገዘች አስመረመረችኝ። "መጀመሪያ ፕሮፔለሩን ይፍቱ፣ ሳይፈቱ ባትሪ እንዳይሰኩ" አለች። ባትሪው ባለ 3 ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ነው፤ ሲሞላ 12.6 ቮልት መሆን አለበት። እያንዳንዱ ሴል ሲለካ 4.2 አካባቢ ስለሆነ ባትሪው ከጥርጣሬ ወጣ። ቀጥሎ ሪሲቨሩ (የሪሞቱን ትዕዛዝ የሚቀበለው ዕቃ) ላይ ባዶ ቻናል (መሰኪያ) ተፈልጎ በቴስተር ተለካ፤ መሃለኛው ፒን ፖዘቲቭ ነው፣ በጥቁር ወይም በቡናማ ሽቦ በኩል ያለው ኔጋቲቭ። ሁሉም ሰርቮዎች (የክንፍና የጅራት መሪዎችን የሚያንቀሳቅሱት ትንንሽ ሞተሮች) ዝም ሲሉ 5 ቮልት ይላል። የኤሌቬተሩ (አፍንጫውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚመራው የጅራት ክፍል) ስቲክ ተስቦ ሲያዝ ግን ከ4 በታች ወረደ። ተራ ቴስተር የቅጽበት መውረድን ስለማይዝ ስቲኩን ጥቂት ሰከንድ ይዞ መቆየት ያስፈልጋል፤ ይህን ያስታወሰችኝ እሷ ናት።

ምክንያቱን ስታስረዳ ማንም ይገባዋል። ስፒድ ኮንትሮለሩ ሞተሩን ብቻ አይደለም የሚያንቀሳቅሰው፤ ለሪሲቨሩና ለሰርቮዎቹ የሚሆነውን 5 ቮልትም በብዛት እሱ ነው የሚያወጣው። አንድ ሰርቮ ከልክ በላይ ሲስብ ቮልቱ ለሁሉም ይወርዳል፣ ሪሲቨሩ ጠፍቶ እንደገና ይነሳል። ያቺ የሁለት ሦስት ሰከንድ ዝምታ ይህች ናት። ስንቱ ሰው "ርቀት አጠረው" እያለ ሪሞት ቀይሯል!

ሰርቮዎቹ ተራ በተራ ተነቀሉ። የኤሌቬተሩ ሲነቀል 5 ቮልቱ ንቅንቅ አላለም። ሌላ ባለሙያ ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። እሷ ግን "ዘንጉን ከሰርቮው እጅ ላይ ይፍቱትና ሰርቮውን መልሰው ይሰኩት" አለች። ሰርቮውን ከኤሌቬተሩ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ከተጣመመ፣ ማጠፊያው ከጠነከረ ወይም እንቅስቃሴው ከልክ አልፎ ሰርቮው ከመቆሚያው ጋር የሚገፋ ከሆነ፣ ጥሩ ሰርቮም አምፔር ይስባል፤ ያ ደግሞ የገጣጣሚው ጥፋት እንጂ የፋብሪካ ጉድለት አይደለም። ዘንጉ ተፈቶም ቮልቱ ወረደ፣ ምንም ሳይገፋ የሰርቮው አካል ይግላል። እዚያው ቻናል ላይ ሌላ ሰርቮ ሲሰካ 5 ቮልት። ስፒድ ኮንትሮለሩ ነጻ ወጣ።

በመጨረሻ ባትሪው ተነቅሎ የሰርቮው እጅ ቀስ ብሎ በጣት እንዲዞር አደረገች። የመውደቅ ምት ብዙ ጊዜ የሚሰብረው የሰርቮውን የውስጥ ጥርስ ነው፤ የተሰበረ ጥርስ ካለ አንድ ቦታ ላይ ይዘላል ወይም ቀጭ ይላል። ይህኛው ከዳር እስከ ዳር እኩል ዞረ። "ስለዚህ አወዳደቁ አይደለም፣ ከውስጥ ነው፤ ሰርቮውን እንተካለን" አለች። ሌሎች በአንድ ፎቶ የፈረዱበትን እሷ እንዲህ በመላ ፈታችው። እጅሽ ይባረክ!

ቃሏም ቀጥተኛ ነው። ዋስትናው የሚሸፍነው የተበላሸውን ዕቃ እንጂ ፕሮፔለሩንና የተሰነጠቀውን አካል እንዳልሆነ ዕቃው ሳይላክ በፊት ነገረችኝ። አብዛኛው የዋስትና ወረቀት እንዲሁ ነው የሚለው፤ አስቀድሞ መስማቱ ግን ትልቅ ነገር ነው። የተላከው ፓኬት ሲከፈት ደግሞ ከሰርቮው ጋር ልኩ የሆነ እጅና ማሰሪያ ቪቴ በትንሽ ላስቲክ ውስጥ አለ። ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ እጁ የሚሰካበት የሰርቮ ጫፍ ጥርስ ቁጥር እንደ አምራቹ ይለያያል፣ ፉታባ 25፣ ሂቴክ በብዛት 24፣ ጄአር 23 ነው። ያልሆነውን እጅ ገፍቶ ያስገባ ሰው አየር ላይ ይፈታበታል። ማንም ሳይጠይቃት ያሰበችው ይህን ነው።

ወደ እሷ የምትጽፉ ሥራዋን አቅልሉላት። ደረሰኙን፣ የዕቃውን መለያ ቁጥር፣ ባትሪው ስንት ሴል እንደሆነና የፕሮፔለሩን ልክ በመጀመሪያው መልእክት ላኩ። ሞተሩ የሚንተባተብ ከሆነ ባትሪ ሲሰካ የሚሰማውን ድምፅ በቪዲዮ ቅረጹ፤ ሦስቱን የሞተር ሽቦዎችም አንድ በአንድ እዩ፣ የአንዱ ኮኔክተር ስታኞ በደንብ ካልያዘ ሞተሩ በቦታው ይንቀጠቀጣል እንጂ አይዞርም። ሰርቮ አትክፈቱ፣ የፋብሪካውን ኮኔክተር አትቁረጡ፤ ብዙ ዋስትና በዚህ ይፈርሳል። ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ተገላብጦ የተቃጠለ ስፒድ ኮንትሮለር፣ ከልኩ የተለቀ ፕሮፔለር ያቃጠለው ሞተር፣ ሴሉ ከ3 ቮልት በታች ወርዶ ያበጠ ሊፖ ዋስትና አይሸፍናቸውም፣ በዚህ አትጨቅጭቋት። ያበጠ ወይም የተመታ ሊፖ በፍጹም እንዳትልኩ፤ በአውሮፕላን ጭነት ክልክል ነው፣ ያቃጥላልም።

የተበላሸ ዕቃ ይዛችሁ "ወድቋል" ተብላችሁ የተመለሳችሁ ካላችሁ፣ ከመጣላችሁ በፊት ለእሷ አሳዩአት። አድራሻውን ጠይቁኝ፣ ለሁላችሁም እመልሳለሁ።