ከሁለተኛው የጡት ቀዶ ሕክምና በኋላ የቱ ጡት መያዣ ይሻላል? ከውጭ የሚመጣው ወይስ እዚሁ የሚሰፋው

ጡታቸው ውስጥ የተቀመጠውን ሲልከን ለማስቀየር ወይም ለማስወጣት ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሴቶች፣ ከባሕር ዳርም ከደብረ ማርቆስም ከፍኖተ ሰላምም እየደወሉ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ «እታለም፣ እስክድን የምለብሰው የቱን ጡት መያዣ ልግዛ?» ይሉኛል። እኔም በዚሁ መንገድ ሁለት ጊዜ ያለፍሁ በመሆኔ፣ ለእያንዳንዷ በስልክ የምመልሰውን እዚህ በዝርዝር አስፍሬዋለሁ። የእኔ ምርጫ በሠፈር ልብስ ሰፊ የሚሰፋው፣ ከፊት በመንጠቆ የሚከፈተው የጥጥ ጡት መያዣ ነው። ቀዶ ሐኪሙ በስም ለይቶ ሌላ ካላዘዘ በስተቀር ገንዘባችሁን ከውጭ በሚመጣው ላይ እንድታወጡ አልመክርም።

ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ከመጀመሪያው የሚለይበትን ነገር ሳይረዱ ጡት መያዣ መምረጥ አይቻልም። ሰውነት በሲልከኑ ዙሪያ የጠባሳ ከረጢት ይሠራል፤ ሐኪሞች ካፕሱል ይሉታል። ይህ ከረጢት በአንዳንድ ሴቶች ላይ እየጠበበና እየጠነከረ ይሄዳል። ሐኪሞች ጥንካሬውን በአራት ደረጃ ከፍለው ይመለከቱታል፤ በሦስተኛው ደረጃ የጡቱ ቅርጽ ሲለወጥ፣ በአራተኛው ደግሞ ሕመም ይጨመርበታል። ከረጢቱ ሳይነካ ሲልከኑ ብቻ ከተቀየረ ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ይቀላል። ከረጢቱ ተቆርጦ ከወጣ ወይም ሲልከኑ ከጡንቻ በላይ ከነበረበት ወደ ጡንቻ ሥር ከተዛወረ ግን፣ ሕመሙ የመጀመሪያውን ያህል ወይም ከዚያ የባሰ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «የመጀመሪያው ጊዜ ቀላል ነበር» ብላችሁ የመጀመሪያውን ጡት መያዣ ከሣጥን አውጥታችሁ አትልበሱ፤ መጠኑም ቅርጹም ተለውጧል፣ ላስቲኩም ደክሟል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው የቆዳ መደንዘዝ ነው። በአንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ በተቆረጠ ቆዳ ላይ ስሜት ይቀንሳል፤ በዚህ የተነሣ የጡት መያዣው ስፌት ቆዳውን ሲፍቅ ሴትዮዋ ላይሰማት ይችላል። ስለዚህ ጨርቁ ለስላሳ፣ ስፌቱም ወደ ውጭ የዞረ መሆን አለበት፤ ማታ ማታም ከጡት ሥር ያለውን ቆዳ በመስታወት ማየት ያስፈልጋል።

ወደ ዋጋው ልግባ። በ2017 ዓ.ም. ክረምት ባሕር ዳር ውስጥ ስጠይቅ፣ ሰው ከዱባይ ያመጣው እውነተኛ የማገገሚያ ጡት መያዣ 6,500 ብር ተባልሁ። እርሱን የሚመስለው፣ በገበያ ተሰቅሎ የሚሸጠው አስመሳይ 1,800 ብር ነበር። ልብስ ሰፊ ዘንድ የሚሠራው ደግሞ ጨርቁ 250፣ ላስቲኩና መንጠቆው 150፣ የእጅ ዋጋው 500፣ በድምሩ 900 ብር ወጣ። አንዱ ሲታጠብ ሌላው ስለሚለበስ ማንም ሴት አንድ ብቻ ገዝታ አትቀመጥም፤ ስለዚህ ሒሳቡ በሁለት መታሰብ አለበት፤ እውነተኛው 13,000፣ አስመሳዩ 3,600፣ የሚሰፋው 1,800 ብር ይመጣል። በሐምሌና በነሐሴ ቤት ውስጥ የተሰጣ ልብስ በአንድ ቀን ስለማይደርቅ ሦስተኛ ያስፈልጋል፤ የሚሰፋው ሦስቱም 2,700 ብር ነው፣ ከአንዱ የውጭ ዕቃ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

አስመሳዩን አጥብቄ የምቃወመው በዋጋው ብቻ አይደለም። ዘመድ አስባ የላከችልኝ እንዲህ ያለ ነበር። ጥጥ ነው ተብሎ ተጽፎበታል፤ ከጠርዙ ክር ስቤ በእሳት ሳስጠጋው ግን እንደ ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት እየሸተተ አመድ አልሆነም፣ ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ሆነ። ናይለን ወይም ሌላ ሰው ሠራሽ ክር ማለት ነው፤ በባሕር ዳር ሙቀት ደግሞ እንዲህ ያለው ጨርቅ ላብን ይዞ የቁስሉ ስፌት ያለበትን ቦታ ያረጥባል። ከፊት ያለው ዚፕ ከኋላው መከለያ ጨርቅ ስላልነበረው ጥርሱ በቀጥታ ቆዳ ላይ ያርፍ ነበር፤ ጥቂት ከታጠበ በኋላም ከታች ተነስቶ መሐሉ ላይ ተከፈተ። ልብስ ሰፊው ዘንድ ስልከው የሚለጠጥ ጨርቅ ላይ አዲስ ዚፕ ቢተከል እንደሚጨማደድና እንደሚቆርጥ ነግሮኝ መለሰው። በአንጻሩ እርሱ ራሱ የሰፋው መንጠቆው ሲላላ በ80 ብር አዲስ መንጠቆ ተክሎልኛል፣ ሥራውም እዚያው ቆሜ አለቀ። እውነተኛው የውጭ ዕቃ ጥሩ ዚፕ እንዳለው አልክድም፤ ነገር ግን ሲበላሽ የሚጠግነው አታገኙም።

የአስመሳይ ነገር ሰውነት ውስጥ የሚቀመጠውንም አልማረም። ፒ.አይ.ፒ. የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ለሕክምና ያልተፈቀደ የኢንዱስትሪ ሲልከን እየሞላ ሲሸጥ ቆይቶ በ2010 እ.ኤ.አ. ምርቱ ከገበያ ታግዷል። ስለዚህ ዳግመኛ ሲልከን የምታስቀይሩ ሁሉ የመለያ ቁጥሩ የተጻፈበትን ካርድ ከሐኪም ቤት ሳትቀበሉ አትውጡ።

የልክ ጉዳይ ደግሞ የሚሰፋውን ያለ ጥርጥር ያስቀድመዋል። ብዙውን ጊዜ ቁስሉ ከጡት ሥር ባለው እጥፋት ላይ ይሆናል፤ ከውጭ ተሰፍቶ የሚመጣው ጡት መያዣ የታችኛው ላስቲክ ደግሞ ልክ እዚያው ላይ ያርፋል። ልብስ ሰፊ ግን ላስቲኩን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርጎ ቁስሉን ነጻ ሊያወጣው ይችላል። እብጠት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጨምሮ ቆይቶ ስለሚቀንስ፣ ሦስት ረድፍ መንጠቆ ቢተከልለት አንዱ ጡት መያዣ ሲጠብም ሲላላም ያገለግላል፤ ዚፕ ግን ያለው አንድ ልክ ብቻ ነው። ከረጢቱ ከተቆረጠ ፈሳሽ የሚያወጣ ቱቦ ሊደረግ ስለሚችል፣ ከጎን ሁለት ቀለበት ካሰፋችሁ የቱቦው ጠርሙስ ቆዳውን ሳይስብ ይንጠለጠልበታል። ሽቦ ያለው ጡት መያዣ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ከቶ አይለበስም።

በርካሽነቱ ብዙዎች የሚመርጡት የሚለጠጥ ፋሻ ነው። ሐኪም ራሱ ካልጠመጠመው በስተቀር አንዴ ይላላል፣ አንዴ ትንፋሽ እስኪያሳጥር ይጠብቃል፤ ለመጠምጠምም የሌላ ሰው እጅ ይፈልጋል። ስለ እርሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

እውነተኛው የውጭ ዕቃ የሚበልጥበት አንድ ሁኔታ አለ። ሐኪሙ ሲልከኑ ወደ ላይ እንዳይወጣ ከጡት በላይ የሚጫን ሰፊ ቀበቶ ያለው ካዘዘ፣ ያ ቀበቶ የተለካ ግፊት ስለሚፈልግ እርሱን ግዙ። ሐኪሙ ምንም ግፊት አልፈልግም ካለም ቃሉን አክብሩ።

የትኛውም ጡት መያዣ ሕመምን ብቻውን አያስታግሥም። የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ከባድ ናቸው፤ በጀርባ ተኝቶ ትከሻን በትራስ ከፍ ማድረግ በእጅጉ ይረዳል። ፓራሲታሞል በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም፤ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ደም ሊያፈስሱ ስለሚችሉ ያለ ሐኪሙ ፈቃድ አይወሰዱም። ቡና መውቀጥ፣ ሊጥ ማቡካትና ጄሪካን ማንሣት ሁሉም የደረት ጡንቻን ስለሚስቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ለቤተ ሰብ ይተዉ፤ በኮብልስቶን ላይ በባጃጅ መንገላታትም ይቅር። አንዱ ጡት በድንገት ቢያብጥ፣ ቢቀላ፣ መግል ቢወጣው ወይም ትኩሳት ቢመጣ፣ ጡት መያዣውን በማላላት ጊዜ ሳታባክኑ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

ለልብስ ሰፊ ስታዝዙ ወንድ በመሆኑ ደረታችሁን ለመለካት የምታፍሩ ካላችሁ፣ እኅታችሁ ቤት ውስጥ ትለካችሁና ሦስት ቁጥር በወረቀት ያዙ፤ ከጡት በላይ፣ በጡት መሐል፣ ከጡት ሥር። ጨርቁ ለሕፃን ልብስ የሚሆን ዓይነት የሚለጠጥ ጥጥ ይሁን፤ አቡጀዲ አይለጠጥምና ይቅር። መንጠቆው በቀጥታ ቆዳ እንዳይነካ ከሥሩ ሁለት ጣት ስፋት ያለው መከለያ እንዲያደርግበት ንገሩት። ከቀዶ ሕክምናው ቀደም ብላችሁ አሰፉ፤ ነገር ግን የጎኑን ስፌት በወፍራም መርፌ ሸልሎ ብቻ እንዲተወው፣ ትርፍ ጨርቁንም እንዳይቆርጠው አስጠንቅቁት፤ እብጠቱ ሲወርድ መልሶ የሚያጠብበት ጨርቅ ያስፈልገዋል፣ ይህንንም በመጀመሪያው ዋጋ ውስጥ እንዲያካትተው አስቀድማችሁ ተዋዋሉ።